ሞቃ የማታውቅ ሴሊካ

ቅዳሜ ጠዋት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወደ ታች በሚወስደው ኮረኮንች የሚያልፍ ሰው ሩሃማ ማኑሄን ሳያያት አይቀርም። እውነቱን ለመናገር የሚያየው እግሯን ነው፤ ሌላው አካሏ መኪና ሥር ነው ያለው። ሰላም ሲሏት እዚያው ተጋድማ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?" ትላለች። ማን እንደሆነ በጫማው ታውቃለች።

መኪናዋ ሴሊካ ናት። ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረዘም፣ ወገቧ ሸንቀጥ ያለ፣ ቀለሟ አልጫ ወጥ የመሰለ፣ ከጃፓን ከወጣች ሃምሳ ዓመት ያለፋት። የአስኮ ሚኒባስ ሾፌሮች ሲያዩዋት ያለ ምክንያት ክላክስ ያደርጉላታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እህት፣ አትሸጫትም?" የሚል ሰው በሳምንት ሦስት አራት አይጠፋም። "አንተ እናትህን ትሸጣለህ?" ትልና ማርሿን አስገብታ እብስ። አፏ እንደሆነ ለማንም አይመለስም።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ቤቴል አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ጓሮ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ክፍል ውስጥ ሰም ስታቀልጥና ጥርስ ስትሞርድ ትውላለች። ከዚያ የተረፈ መንጠቆና ብሩሽ ሁሉ መድረሻው መኪናዋ ነው፤ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች የምትጠርገው የሰው ጥርስ በሚጠረግበት መንጠቆ ነው። ጸሎት ቤት ያሉ እናቶች ባል እንዲሰጣት መጸለይ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እሷም አሜን ትልና "እግረ መንገዳችሁን የኋላ ፍሬን ሸራም ለምኑልኝ፣ ገበያ ላይ ጠፍቷል" ትላቸዋለች። ይስቃሉ፣ ግን አንዳንዶቹ እውነትም የሚለምኑላት ይመስለኛል።

ሴሊካዋን ያወረሷት አባቷ ጋሽ ማኑሄ ናቸው። ከዳውሮ መጥተው ኮልፌ ገበያ ላይ ኮረሪማና ዝንጅብል ሲነግዱ ያረጁ ሰው ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መምህር ነው የገዟት። ለኮረሪማ ነጋዴ የስፖርት መኪና ምን ያደርግለታል ሲሏቸው "ደስ ይለዋላ!" ነበር መልሳቸው። ጆንያውን የኋላ ወንበር ላይ ይጭኑ ስለነበር፣ ዛሬም ፀሐይ ሲመታት ውስጧ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ያኔ ወንድሞቿ "ቆርቆሮውን አንቺ ውሰጂው" አሏት። ወሰደችው። ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አታውቅም ነበር።

ያሳወቋት ጋሽ ገመቹ ናቸው። 18 ማዞሪያ ጋ ሠላሳ አምስት ዓመት ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። የድሮ የጃፓን መኪና ያለው የሰፈሩ ሰው ከሳቸው በቀር አያስነካም ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጋራዡን ዘጉ። ጋሽ ማኑሄ በተቀበሩ በወሩ ግን በምርኩዝ እያነከሱ ሩሃማ ደጅ መጡ፤ የፕላስቲክ ወንበር አስወጡና ተቀምጠው "በይ ኮፈኑን ክፈቺ" አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ሲያቆላምጧት በአገራቸው ቋንቋ "ኢንተላ ኮ" ነው የሚሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እሷ ደግሞ የላይኛውን ጥርሳቸውን በገዛ እጇ ሠርታ ገጥማላቸዋለች። ያ ጥርስ ከገባ ወዲህ ጋሽ ገመቹ ፎቶ መነሣት ወደዋል።

ሁለት ነገር ይደጋግሙ ነበር። አንደኛው "ሞተር አይዋሽም፤ አንቺም እንዳትዋሺው" ነው። ሁለተኛው ጉራ ነው፦ "የኔ እጅ ያረፈባት መኪና ሞቃ አታውቅም!" እውነታቸውን ነው። ሴሊካዋ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ እንኳ የሙቀት መርፌዋ ከታች ከተኛችበት ንቅንቅ አትልም። ሌላው መኪናውን ዳር አቁሞ ውሃ ሲያፈስ ሩሃማ መስኮቷን ከፍታ እያፏጨች ታልፋለች። በዚህች መርፌ ስንቱን እንዳበሸቀች አልነግራችሁም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ነው ነገሩ የጀመረው። ሴሊካዋ ጠዋት ጠዋት ማሳል አመጣች። ትነሣለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ 18 ማዞሪያ ሳትደርስ ድርቅ። ሩሃማ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትታ ስታያቸው ከሰል መስለዋል። ጠረገች፤ በሳምንቱ እንደገና ከሰል። ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ በትና ገጠመች። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና ቀየረች። ጋሽ ገመቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው "የዘንድሮ ቤንዚን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" አሉ። አንድ ቀን የዘይቱን መለኪያ መዝዛ ብታሸተው ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ይኼኔ ደነገጠች። ቤንዚን ሳይቃጠል እየሾለከ ዘይት ውስጥ ከገባ ሞተሩ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው፤ ቢበዛ አንድ ዓመት ቢሄድ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከጥርስ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰም የምታቀልጥበትን ውሃ ሙቀት የምትለካበት ቴርሞሜትር ነበራት። ከአስኮ እስከ ቤቷ ነድታ እንደመጣች የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዛ ከፈተችና ቴርሞሜትሩን ከተተችው። አርባ ስምንት ዲግሪ! ይሄ እኮ እግር መታጠቢያ ነው። ሞተር ደግሞ ሰማንያ ካልገባ ቤንዚኑን በወጉ አያቃጥልም። ሞተሩ ላይ ውሃው የሚያልፍበትን ጉልላት ፈታች። እዚያ ቦታ ቴርሞስታት የሚሏት እንቁላል የምታክል የብረት በር መኖር ነበረባት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግታ ይዛ፣ ሲሞቅ ራሷ የምትከፍት። ቦታው ባዶ ነው።

ሩሃማ ካቻቢቴዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማን እንዳወጣት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ገና መማር ስትጀምር የመኪናዋን መጽሐፍ ገልጣ ያቺን በር በሥዕል አሳይታቸው ነበር፤ ጋሽ ገመቹ በእጃቸው ገፋ አድርገው "ይቺ በረዶ ለሚዘንብበት አገር ሰው የተሠራች ናት፤ ለኛ አትረባም" ብለዋት ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ገባት። ያ ሁሉ የሰፈር ጉራ፣ ያቺ የተኛች መርፌ፣ ጤና ሳትሆን በሽታ ነበረች። ሴሊካዋ ይህን ሁሉ ዓመት እየበረዳት ነው የኖረችው፤ አሁን ሞተሩ ሲያረጅ አልችል አለ።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ሄዳ አሮጌ ዕቃ በሞሉ ሱቆች መሐል ስትዞር ዋለች። አንዱ ነጋዴ ቴርሞስታቷን ደረሰኝ እንዳይበርርበት መጫኛ አድርጓታል። "እውነት ልትገዥኝ ነው? እዚህ ከተማ ሰው አውጣልኝ ይላል እንጂ አስገባልኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም" አላት። ይዛት መጣች፣ ውሃ እንዳያፈስ ከካርቶን ጓርኒሲዮን ቆርጣ ገጠመቻት። በነጋታው በቀትር ፀሐይ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ ቤቴልን ዞራ መጣች። መርፌዋ ቀስ እያለች ተነሣችና መሐል ላይ ቆመች። የሞተሩ ድምፅ ልስልስ አለ። ሳሉ የለ፣ ጭሱ የለ። ሩሃማ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ በደስታ አለቀሰች። አባቷ ይህን ድምፅ በሰሙት ብላ ተመኘች።

ደስታዋ ቤት እስክትገባ ነው የቆየው። በሩን ስትከፍት ቅዳሜ ትዝ አላት።

ጋሽ ገመቹ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ትውልድ አገራቸው ጊንጪ ይሄዳሉ፤ የዘንድሮው መንገድ በዚህ ቅዳሜ ነው። ለስድስት ዓመት ያደረሰቻቸው ሩሃማ ናት፣ በሴሊካ። ዘንድሮ ጉልበታቸው ጭራሽ ብሶ ሽንት ቤት ለመድረስ እንኳ ባለቤታቸውን እትዬ ጫልቱን ይደገፋሉ። "ይሄ የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም" ብለዋታል። እና እሳቸው መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መንገዱን አይደለም፣ መርፌዋን ነው። መርፌዋ መሐል ላይ ቆማ ካዩ ቴርሞስታት እንደገባ ወዲያው ያውቃሉ። እሷ ደግሞ ሞተሩ በምን ሲታመም እንደኖረ ልትነግራቸው ግድ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በኩራት ሲያወሩት የኖሩት ነገር ስሕተት ነበር ብሎ ለሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም በመጨረሻው መንገዳቸው ላይ፣ ማን አንጀቱ ይችላል?

ያን ሳምንት ያሳለፈችው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም። ማክሰኞ አወጣቻት። ረቡዕ ሞተሩ ሲያስል ስትሰማ አንጀቷን በላትና መልሳ አስገባቻት። ሐሙስ ጋሽ ገመቹ ደውለው "መርፌያችን ተኝታለች?" ሲሉ እንደገና አወጣቻት። ዓርብ መልሳ አስገባቻት። በየጊዜው አዲስ ጓርኒሲዮን ስትቆርጥ ቤት ውስጥ ካርቶን አለቀ። በመጨረሻ ዓርብ ማታ የሞኝ ብልሃት መጣላት፦ ከሞተሩ ወደ መርፌዋ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለችው። ሞተሩ እንደፈለገ ይሙቅ፣ መርፌዋ ትተኛለች። ማንም አይጎዳም። ይህን ብላ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋሽ ገመቹ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ደራርበው ከፊት ተቀመጡ። እትዬ ጫልቱ ስንቅ አቀበሏቸውና በሩን ዘጉላቸው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ተኝታለች" አሉ ደስ ብሏቸው።

"ተኝታለች፣ ጋሽዬ" አለች ሩሃማ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

አስኮን አለፉ፣ ቡራዩን አለፉ። ሴሊካዋ ሸምጥጣ ትሄዳለች። ጋሽ ገመቹ ጆሯቸውን ቀስረው "ዛሬ ድምጿ አማረኝ! ምን አደረግሽላት?" አሉ።

"ካንዴላ ቀየርኩ።"

በስድስት ዓመት ውስጥ ለጋሽ ገመቹ የዋሸችው የመጀመሪያው ውሸት ነው።

ሆለታን እንዳለፉ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሩሃማ አንድ ነገር ረስታለች። የመኪናዋ ማሞቂያ ማንሻ ከሩሃማ ልጅነት ጀምሮ ክፍት ሆኖ ነው የደረቀው። ከእግር ሥር ቀዝቃዛ ነፋስ ከማምጣት በቀር ሠርቶ ስለማያውቅ ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም። ማሞቂያው የሚሠራው ግን በሞተሩ ውሃ ነው፤ ውሃው ዛሬ ሞቋል። ጋሽ ገመቹ መጀመሪያ ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ገፈፍ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው እግራቸውን ዘረጉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እግራቸው ሥር ዝቅ አድርገው አቆዩት።

"ሩሃማ።"

"አቤት ጋሽዬ።"

"ጉልበቴን ሞቀኝ።"

"ፀሐይዋ ትሆናለች" አለች፣ ላብ እያጠመቃት።

"ፀሐይዋ ከኋላችን ናት። አቁሚያት።"

ዳር ይዛ አቆመች። ያለ ድጋፍ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ምርኩዛቸውን እንኳ ረስተውታል። ኮፈኑን ራሳቸው አነሡት። እጃቸውን ከጎማ ቱቦው በላይ አንዣበው ሙቀቱን ለኩ። ከጉልላቱ ሥር ብቅ ያለውን የአዲስ ካርቶን ጠርዝ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ የተንጠለጠለውን ሽቦ አዩት። ፊታቸው ቅጭም አለ።

"ይሄን ማን ነቀለው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሩሃማ። እንባዋ መጣ። "ሞተሩ እየሞተብኝ ነበር፣ ጋሽዬ። ባስገባት እርስዎ ሊያዝኑብኝ ነው፣ ባወጣት እሷ ልትሞትብኝ ነው። ቅስምዎን እንዳልሰብር ብዬ ነው፣ በእግዚአብሔር!"

"ቴርሞስታቷን በማስገባትሽ አልተቀየምኩም" አሉ ጋሽ ገመቹ። "መርፌዋን ማሳወርሽ ግን አናደደኝ። እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?" ሽቦውን በገዛ እጃቸው ቦታው መለሱት። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"አባትሽ ስለ ጊቤ ሲመሰክሩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አሉ።

እንዴት አትሰማ! ጋሽ ማኑሄ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ በጸሎት ቤቱ የምስጋና ቀን ተነሥተው የሚመሰክሩት እሱን ነበር። በ1985 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ቃጠሎ፣ የስምንት ወር ልጃቸውን ለአያቷ ሊያሳዩ ወደ ዳውሮ ሲወርዱ ጊቤ በረሃ ላይ ሴሊካዋ ፈልታ ቆመች። ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። አምስት ሰዓት ሙሉ ጥላ በሌለበት ተቀመጡ። የሚጠጣው ውሃ አለቀ፣ የልጅቷ ድምፅ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ በቆሎ የጫነ መኪና አነሣቸው። ጋሽ ማኑሄ "ያቺ ልጅ ይቺውና!" ብለው ሩሃማን በእጃቸው ሲያሳዩ አዳራሹ በእልልታ ይናወጥ ነበር፤ እሷም እያፈረች ፈገግ ትል ነበር።

"እኔም እኮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ" አሉ ጋሽ ገመቹ። "ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንገቴን ደፍቼ። ለመንገድ ያዘጋጀኋት እኔ ነኛ! በዋዜማው የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ ያሰርኩት ተቻኩዬ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር። ተጎትታ ስትመጣ ቺንጋው ተበጥሷል። ላልቶ ነው ያፈላት ወይስ ስለፈላች ነው የተበጠሰው? አላወቅሁም። ለአባትሽ ቴርሞስታቷን አውጥቼ 'ጥፋቱ የዚች ነው፣ አልከፍት ብላ ነው' አልኳቸው። አመኑኝ። አንድም ቀን ስሜን በክፉ አላነሡም። በየዓመቱ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ ግን እኔን የሚከሱኝ ይመስለኝ ነበር።"

"ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተው አላዩዋትም?" አለች ሩሃማ ቀስ ብላ።

"የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ አውቃለሁ። አላደረግሁትም። ከተከፈተች ጥፋቱ የኔ እጅ ነዋ! አንቺን ልገድልሽ የነበርኩት እኔ ነኛ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ከዚያ በኋላ እጄ የገባች መኪና ሁሉ ላይ አወጣሁ። የሰው ልጅ ዳግመኛ በረሃ ላይ እንዳይቀርብኝ ብዬ። ይኸው ነው ጉራዬ፣ ኢንተላ ኮ። ፍርሃት ነው።"

ሩሃማ ድንጋዩ ላይ ተጠግታ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። "ቴርሞስታቷስ?" አለች።

"አለች። ሁሉም አሉ። የሰው ንብረት እንዴት እጥላለሁ? የጫልቱ አልጋ ሥር ናቸው።"

ጊንጪ ድረስ ጋሽ ገመቹ ዓይናቸውን ከመርፌዋ አልነቀሉም። ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች፤ ዳገቱ ላይ ቆመች፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። "ታያለሽ፣ አትወጣም አትወርድም" አሉ፤ ጉልበታቸውን እያሹ። በዚያ ጉልበት ዘመዶቻቸውን ሁሉ ዞረው ጠየቁና ማታውኑ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ገመቹ ግቢ ውስጥ ምድጃው ላይ ድስት ተጣደ። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "በሩዝ ድስቴ ብረት ልትቀቅሉ? ወይ ዘንድሮ!" ይላሉ። ጋሽ ገመቹ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ዘረገፉ። ሃያ አራት ቴርሞስታቶች፣ እያንዳንዳቸው በሽቦ የታሰረ ካርቶን አላቸው፤ ካርቶኑ ላይ በጋሽ ገመቹ እጅ የመኪናው ታርጋና የባለቤቱ ስም ተጽፏል። የመጀመሪያዋ ካርቶን ቢጫ ሆኗል። "ማኑሄ፣ ሴሊካ" ይላል።

"አንቺ ክተቻት" አሏት።

ሩሃማ በሽቦው አንጠልጥላ ከተተቻት። ውሃው መጀመሪያ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ተንተከተከ። የቴርሞስታቷ ከንፈር ገጥሟል። ሩሃማ በሆዷ "አደራህን ጌታዬ፣ እንዳትከፈት" እያለች ነው። ሞተር አይዋሽም ተብላ የተማረች ልጅ ለብረት ስትጸልይ አስቡት። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። ድስቱ እየገነፈለ ነው። ቴርሞስታቷ አልተከፈተችም።

"አልከፈተችም" አሉ ጋሽ ገመቹ በሹክሹክታ።

"አልከፈተችም፣ ጋሽዬ። አትከፍትም።"

እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ግን ጋሽ ገመቹ ጋሽ ገመቹ ናቸው፤ ወዲያው ቀና አሉ። "ቆይ፣ ለኔ አታድይ። ቆርቆሮ ውስጥ ስትኖር ዝገት አድርቋት ይሆናል። ሌሎቹን ክተቻቸው፤ አብረዋት ነው የኖሩት።"

የመቶ አለቃ ፈቀደ ዳትሰን ቴርሞስታት ገባች። ውሃው እንደነካት ትንሽ ቆይታ አፏን ከፈተች። የወይዘሮ ዘመነች ማዝዳም ከፈተች። ሦስተኛዋም፣ አሥረኛዋም። ጋሽ ገመቹ አንዷ በከፈተች ቁጥር ይስቃሉ፣ አንዷ በከፈተች ቁጥር ያለቅሳሉ። ቀላል ነገር አይደለም፤ እያንዳንዷ የጊቤን ጥፋት ከትከሻቸው ላይ ታወርድና በዚያው ጤነኛ ሳለች ከሰው መኪና ያወጧትን ሌላ ጥፋት ትጭንባቸዋለች። ሃያ ሦስቱም ጤነኛ ነበሩ። ድስቱ ውስጥ ሳትከፍት የቀረችው ያቺ አንዷ ብቻ ናት።

"የኔ እጅ አይደለም" አሉ። "ሩሃማ፣ የኔ እጅ አልነበረም!"

"አልነበረም" አለች፤ አንገታቸውን አቅፋ እሷም አለቀሰች። "አባዬም ያውቁ ነበር፣ ጋሽዬ። ለእርስዎ ሳይሆን ለማን ነው እኔን ትተውኝ የሄዱት?"

እትዬ ጫልቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና "ታዲያ እነዚህ ሃያ ሦስቱ ምን አደረጉህ?" አሉ።

ጋሽ ገመቹ ሳቁ፤ ያ የሩሃማ ጥርስ እስከ ድዱ ታየ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቴርሞስታቶቹን አንድ በአንድ በጋቢያቸው ጫፍ እያደረቁ ወደ ቆርቆሮው መለሷቸው። የማኑሄን ለብቻዋ ወስደው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"እንግዲህ በሕይወት ያለውን ደጁ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። የሞተውን ልጆቹን እጠይቃለሁ። ፈቀደ አስኮ ነው ያለው፤ ከሱ እንጀምር።"

"አሁን? ምሳ እንኳ ሳይበሉ?"

"አሁን" አሉ፤ ቆርቆሮውን አቀፍ አድርገው። "ሂጂ መኪናዋን አሙቂያት።"

ሩሃማ ቁልፉን ይዛ ወጣች። ጋሽ ገመቹ በዕድሜያቸው ለማንም ሰው መኪና አሙቅ ብለው አያውቁም ነበር።